የተነቀለውን ሶኬት መልሰህ ንቀለው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንባቢ ለሥራ ብሎ የ2002 ፎርድ ኤፍ-150 ፒካፕ ገዛ። መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ፔንሲልቬንያ ነው። ሲገዛው ክሩዝ ኮንትሮሉ (ነዳጅ ሳትረግጥ ፍጥነት የሚጠብቀው) አይሠራም ነበር። ጓደኛው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የፍሬን ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ላይ የተነቀለ ሶኬት አገኘና ሰካው፣ ክሩዙም ሠራ። ቆይቶ ሌላ ሰው «ይሄ ሞዴል እኮ ሪኮል አለበት (ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ጠርቶታል)፣ ይቃጠላል» አለው። ሻጩ ደግሞ «ያ ድሮ ቀረ፣ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሲፈትሽም ምንም አልወጣለትም። «ማንን ልመን?» ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውጣና ያንን ሶኬት መልሰህ ንቀለው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ። ከዚያ ተመለስና የቀረውን አንብብ።

ፎርድ በፈረንጆቹ መስከረም 2005 ከ1994 እስከ 2002 የተሠሩትን ኤፍ-150ዎች ከሌሎች ሞዴሎች ጋር ጠርቷል፣ በጠቅላላው 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪና። ያኔ መለዋወጫው ገና ስላልደረሰ ለባለቤቶች የተነገራቸው «ዲለር ጋ አምጡት፣ ለጊዜው ሶኬቱን እንነቅለዋለን» የሚል ነበር። ዕቃው ሲመጣ ተመልሶ ያሠራ አለ፣ ክሩዙን ረስቶ እንዲሁ የነዳም አለ። ያንተ መኪና ከሁለተኞቹ ይመስለኛል። ጓደኛህ ብልሽት የጠገነ መስሎት የእሳት መከላከያውን ነው ያነሳው፣ እሱም አይፈረድበትም፣ የተነቀለ ሶኬት አይቶ ዝም የሚል መካኒክ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተሩ ላይ የተጠመደች ትንሽ ስዊች አለች። ሥራዋ ፍሬን አጥብቀህ ስትረግጥ ክሩዙን ማጥፋት ነው። በአንድ በኩሏ የፍሬን ዘይት አለ፣ በሌላው በኩሏ ኤሌክትሪክ፣ መሃል ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ያ ስስ ነገር ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቅና ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ኤሌክትሪኩ ይገባል። የውስጡ ብረት ይበላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ እሳት ይይዛል። ክፋቱ ደግሞ ስዊቿ ላይ ቁልፍ ነቅለህም ቢሆን ኃይል አለ። ለዚህ ነው እነዚህ መኪኖች ቆመው፣ ባለቤቱ ተኝቶ፣ ሌሊት የተቃጠሉት። ፎርድ በዚችው ስዊች ጉዳይ እስከ 2009 ድረስ በተለያዩ ጥሪዎች የጠራው መኪና ከ14 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ የሰማኸው ወሬ አይደለም።

ስትነቅለው የሶኬቱን ውስጥ በባትሪ እያበራህ እይ። ደረቅና ንጹህ ከሆነ ጥሩ። እርጥብ ከሆነ፣ ወይም አረንጓዴ ዝገትና ጥቁር ነገር ካየህ ስዊቿ ማፍሰስ ጀምራለች ማለት ነው፣ እሷ መለወጥ አለባት፣ የፍሬን ዘይቱንም መጠን ተመልከት። ጫፉን በቴፕ ጠቅልለህ ከጋለ ነገር ራቅ አድርገህ እሰረው። ፍሬንህ ምንም አይሆንም፣ የሚቀርብህ ክሩዙ ብቻ ነው። እስኪሠራ ድረስ መኪናውን ቤት ሥር ባለ ጋራዥ ውስጥ አታሳድረው፣ ከግድግዳም አርቀው። ነቅዬዋለሁ ብለህ እንኳ።

ሪኮሉ ተሠርቶለት ከሆነ በዓይንህ ትለየዋለህ፦ በስዊቿና በዋናው ሽቦ መሃል አጭር ተጨማሪ ሽቦ ገብቶ፣ እሱ ላይ ፊውዝ ይኖራል። ችግር ሲመጣ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠልና ኃይሉን ይቆርጣል። ያ ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኘኸው ደግሞ ትልቅ ፊውዝ አድርገህ ወይ ሽቦ አገናኝተህ እንዳታልፈው። የተቃጠለው ስዊቿ ስለተበላሸች ነው።

አሁን ወደ ድረ ገጹ። ኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ላይ 17ቱን የሻንሲ ቁጥር ስታስገባ የሚያሳይህ በመሠረቱ ያለፉትን 15 ዓመታት ሪኮሎች ነው። የ2005ቱ ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ ባዶ ወጣ ማለት ተሠርቷል ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ቁጥሩን ይዘህ የፎርድ ዲለር ሰርቪስ ክፍል ደውልና «በዚህ መኪና ላይ ያልተዘጋ ሪኮል አለ ወይ? የክሩዝ ስዊቹና የታንክ ቀበቶው መቼ ተሠራ?» ብለህ ጠይቅ፣ የድሮውንም ጭምር (የታንክ ቀበቶውን ከታች እመለስበታለሁ)። ሪኮል የሚከተለው መኪናውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም፣ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ባለቤት መሆንህ ለውጥ የለውም፣ «ጊዜው አልፎበታል» ያለህም ሻጭ መሸጥ የፈለገ ሰው ነው። በነገራችን ላይ በፌዴራል ሕግ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ሪኮሉን ሳያሠራ ቢሸጥልህ አይከለከልም። የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን ስቲከርም ስለ ሪኮል የሚነግርህ ነገር የለም። ዲለሩ ዕቃው የለም ካለህ ስዊቿና ባለፊውዙ ሽቦ ገበያ ላይ ይገኛሉ፣ ውድም አይደሉም፣ ለማንም ደህና መካኒክ ቀላል ሥራ ነው።

የታንክ ቀበቶ ያልኩህ ሁለተኛው ጉዳይ ነው፣ ፔንሲልቬንያ ስትለኝ እኔ እንዲያውም የደነገጥኩት በሱ ነው። በ2011 ፎርድ ከ1997 እስከ 2003 ያሉትን ኤፍ-150ዎች ጨምሮ 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪና የጠራው መንገድ ላይ ጨው የሚረጭባቸው ስቴቶች ውስጥ ነው። የቤንዚን ታንኩን የያዙት የብረት ቀበቶዎች ይዝጉና ይበጠሳሉ፣ ታንኩ ይንጠለጠላል፣ አስፋልት ላይ ሊጎተትም ይችላል። 25 ጋሎን ቤንዚን ከ65 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን አስብ።

ይሄን ራስህ ማየት ትችላለህ። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሥሩ እንዳትገባ፣ ጠንካራ ማቆሚያ አድርግ፣ ፒካፑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳታነሳውም ብዙውን ታያለህ። በሹፌሩ በኩል ከሻንሲው ጋር የተያያዙትን ሁለት ቀበቶዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በባትሪ ተከተላቸው። ላይ ላዩን ቡናማ መሆኑ ብቻ አያስጨንቅም። ቅርፊት እየሠራ ከተነሳ፣ ካበጠ፣ ጠርዙ ከሳሳ፣ በተለይ ሻንሲው ላይ በሚያያዝበት ጫፍ፣ አትንዳው፣ አስጎትተህ ውሰደው። በካቻቢቴ እየፈለቀቅህ እንዳትሞክረው። «ብየዳ እንመታበታለን» የሚልህ ካለም ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ፣ ታንክ አጠገብ ብየዳ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው ነው።

ይሄን የምታነቡ ሌሎች፣ የ2006 ፎርድ ሬንጀር ያላችሁ ካላችሁ የናንተ ደግሞ የታካታ ኤርባግ ነው፣ ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው፣ ሲፈነዳ ብረት የሚበትን ኤርባግ። እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ ሁለት ሰዎች በ2006 ሞዴል ሬንጀር ውስጥ ሞተው ነበር፣ ፎርድም ያኔ ለብዙ ሺህ ባለቤቶች «እስኪሠራ አትንዱ» ብሏል። እሱ በራስ የሚነካካ ነገር አይደለም፣ ዲለር ብቻ።

አንተ ግን ነገ ጠዋት ደውል። ሲሠራልህ የሥራውን ወረቀት ሳትቀበል አትውጣ፣ እሱ ላይ የሻንሲ ቁጥሩና የሪኮሉ ስም መጻፉን እይ። የገዛኸውን መኪና በራስህ ስምና አድራሻ አስመዝግበህ ካልሆነም አስመዝግብ፣ የሚቀጥለው ሪኮል ደብዳቤ ፔንሲልቬንያ ላለው ሰውዬ እንዳይሄድ።