ሜይንፍሬም ላይ ከርነሉ የፕሮግራምን ጥሪ የሚቀበልበት መንገድ

ወንድማችን የጠየቁት፣ በአይ.ቢ.ኤም ሜይንፍሬም (ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራው ሊኑክስ የሲስተም ኮሉን (ፕሮግራሙ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ የሚያቀርበውን የአገልግሎት ጥሪ) ቁጥር ከየት እንደሚያገኝና አንድም ነጻ ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የዋጋ ማኖሪያ) ሳይኖረው የፕሮግራሙን ሬጅስተሮች የት እንደሚያስቀምጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠራው ኤስ.ቪ.ሲ በተባለ ትእዛዝ ሲሆን፣ በ1964 ይፋ ከሆነው ሲስተም 360 ጀምሮ ያለው ይህ ትእዛዝ ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ባይት ራሱ የጥሪው ቁጥር ነው። አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ፣ ከዚያ ለሚበልጡ ጥሪዎች ባይቱ ዜሮ ሆኖ ቁጥሩ በሬጅስተር 1 ይተላለፋል። የጥሪ መከታተያ (ሌላ ፕሮግራም የሚያደርጋቸውን ጥሪዎች የሚመዘግብ ፕሮግራም) ስጽፍ ይህን ባለማወቄ ባይቱን ብቻ አነብ ነበር፤ የማንበቢያው ጥሪ ሪድ 3፣ የመጻፊያው ራይት 4 ሆነው በትክክል ሲመዘገቡ፣ ቁጥሩ 288 የሆነው የፋይል መክፈቻው ኦፕንአት ግን ሁልጊዜ ዜሮ ይሆንብኝ ስለነበር ስሕተቱን ከከርነሉ ውስጥ ስፈልግ ሁለት ቀን አለፈ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ኤስ.ቪ.ሲ ሲፈጸም ሃርድዌሩ ከአጠቃላይ ሬጅስተሮች አንዱንም አያስቀምጥም። ቀጣዩ ትእዛዝ ያለበትን አድራሻና የፕሮግራሙን የሥልጣን ደረጃ የያዘውን፣ ፒ.ኤስ.ደብልዩ የተባለውን ባለ 128 ቢት ቃል በአድራሻ 320 ላይ ያኖራል፤ የጥሪውን ባይት በ139 ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ከርነሉ አስቀድሞ በ448 ላይ ያዘጋጀውን ፒ.ኤስ.ደብልዩ ይጭናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የከርነሉ ሥራ ነው። ሬጅስተሮቹን ወደ ሜሞሪ ለመጻፍ አድራሻ ያስፈልጋል፣ አድራሻ ለመያዝ ደግሞ ሬጅስተር፤ ሁሉም ሬጅስተሮች ግን የፕሮግራሙን ዋጋ እንደያዙ ናቸው። መፍቻው፣ በትእዛዝ ውስጥ የመነሻ ሬጅስተሩ (አድራሻው ከይዘቱ ተነሥቶ የሚሰላበት) ቁጥር 0 ተብሎ ሲጻፍ ማሽኑ የሬጅስተር 0ን ይዘት ሳይሆን ዜሮን ራሱን መውሰዱ ነው፤ በዚህም የሜሞሪው መጀመሪያ ያለ ምንም ሬጅስተር ይደረስበታል፤ ከርነሉም የፕሮግራሙን ሬጅስተሮች መጀመሪያ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ፕሮሰሰሮች ብዙ ቢሆኑም አይጋጩም፤ እያንዳንዱ ፕሪፊክስ የተባለ የራሱ ሬጅስተር ስላለው የመጀመሪያዎቹ 8 ኪሎባይት ለየራሱ በተለየ ቦታ ይተካሉ። ይህን ንድፍ ባየሁት ቁጥር አደንቀዋለሁ።

መከታተያ ለመጻፍ ካሰቡ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ግቤት (ፕሮግራሙ ለጥሪው የሚሰጠው ዋጋ) የሚተላለፈውም ውጤቱ የሚመለሰውም በሬጅስተር 2 ስለሆነ፣ ግቤቱን ጥሪው ሲጀመር ያንብቡት፤ ካለቀ በኋላ እዚያ የሚያገኙት ውጤቱን ነው።