መጀመሪያ በራስ መተማመን፣ ከዚያ ሥራ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ኢንተርቪው በተጠራሽበት ሁሉ «እንደውልልሻለን» ተብለሽ ሳይደወል ቀረ፤ አንቺም ማመልከት ተውሽ። የማነቃቂያ ሥልጠና ስትገቢ አሠልጣኙ በየጠዋቱ መስታወት ፊት «እኔ አሸናፊ ነኝ» በይ አለሽ። ብትይው ይባስ ከፋሽ። ኢንተርኔት ላይ የሞላሽው መጠይቅ ደግሞ ለራስሽ ያለሽ ግምት ዝቅተኛ ነው አለሽ። ጥያቄሽ «በራስ መተማመኔን መጀመሪያ ልገንባ ወይስ እንዲሁ ልወዳደር?» የሚል ነው።

እንዲሁ ተወዳደሪ። ለምን እንደምልሽ ላስረዳ።

ስለ መስታወቱ ራስሽን አትውቀሺ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ ይህንኑ ነገር ፈትነው በ2009 ውጤቱን አሳትመዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ተሳታፊዎቹ ለ4 ደቂቃ የመጣላቸውን ሐሳብ ይጽፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቡድን ደወል በሰማ ቁጥር «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያለ ለራሱ ይናገራል። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ግምታቸው ዝቅ ያለው ግን ዓረፍተ ነገሩን ካልደገሙት መሰሎቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። አይገርምም። ልብሽ ያላመነበትን ነገር አፍሽ ሲናገር፣ ልብሽ ማስረጃ እየጠቀሰ ይከራከርሻል። «አሸናፊ ከሆንሽ ለምን አልደወሉልሽም?» ይልሻል።

መጠይቁም ቢሆን ያን ያህል አያስጨንቅሽ። ከገለጻሽ እንደገባኝ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያወጣው ባለ 10 ዓረፍተ ነገር ነው። የኒው ዮርክ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለማጥናት ነበር ያዘጋጀው። ዛሬ ራስሽን በምን ዓይን እንደምታዪ ይናገራል እንጂ ሒሳብ መዝጋት ትችይ አትችይ የሚያውቀው ነገር የለም።

«መጀመሪያ ለራስህ ያለህን ግምት ከፍ አድርግ፣ ሌላው ይከተላል» የሚለው ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1986 የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት በምክር ቤት አባሏ በጆን ቫስኮንሴሎስ ግፊት ለዚሁ ጉዳይ የመንግሥት ግብረ ኃይል እስከ ማቋቋም ደርሳ ነበር። ወንጀሉም፣ የትምህርት ውድቀቱም፣ የሱሱም ነገር በዚህ ይቀንሳል ተብሎ ተጠበቀ። በ2003 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ሦስት ባልደረቦቹ የተከማቸውን ጥናት ሲያበጥሩት ግን ነገሩ በአብዛኛው ተገልብጦ ተገኘ። ለራስ ያለ ጥሩ ግምት በከፊል የጥሩ ውጤት ልጅ ነው እንጂ እናቱ አይደለም። ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ሰዎች ከወደቁ በኋላ የመቀጠል ዝንባሌ እንዳላቸው ጠቅሰዋል። ለሥራ ፈላጊ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን አልበርት ባንዱራን እከተላለሁ። እሱ ያጠናው ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚለውን እምነት። ከዚህ እምነት ምንጮች ሁሉ የሚበረታው ራስሽ ሠርተሽ ማየትሽ ነው። እንዳንቺ ያለ ሰው ሲሠራው ማየትም ይረዳል። «ትችያለሽ» መባል ከእነዚህ ደካማው ነው። አሠልጣኝሽ የሸጠልሽ እሱን ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ «የአክስቴን ሱቅ ከማገዝ በቀር ምንም አልሠራሁም» የምትል መስመር አለች። እኔ እዚያች ላይ ነው የቆምኩት። ሱቁ የዱቤ ደብተር አለው አይደል? እሱን ወደ ኤክሴል አዙሪው፤ ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለበት ለይ። የአንድ ወር ሽያጭና ወጪውን ከባንክ መግለጫው ጋር አስታርቂ። ለሁለቱ ሠራተኞች ለልምምድ ያህል ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ) ሥሪላቸው። ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን ጡረታው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ 660 ብር ነው። ይህን በእጅሽ ከሠራሽ በኋላ ሲጠይቁሽ ድምፅሽ ራሱ ይለወጣል።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ እንደምትደነግጪም ነግረሽኛል። ሥራ የያዘች የክፍል ጓደኛሽን ፈልጊ፤ እንዴት እንደምትመልስ በስልክሽ ቅረጫት። ከዚያ አንቺ መልሺ፣ እሷ ትቅረጽሽ። መጀመሪያ ላይ ታፍሪያለሽ፣ ግድ የለም። በእስራኤል ተመራማሪዎቹ ዶቭ ኤደንና አሪ አቪራም ሥራ አጦችን በዚህ ዓይነት መንገድ አሠልጥነው ነበር፤ ፊልም ያያሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይለማመዳሉ። በ1993 እንደጻፉት ሥልጠናው ይበልጥ የጠቀመው ሲጀምሩ በራሳቸው እምነት ያልነበራቸውን ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ክሮከርና ባልደረቦቿ በ2002 ለድኅረ ምረቃ ያመለከቱ ተማሪዎችን ስሜት መልስ በሚመጣበት ቀን ተከታትለዋል። ዋጋቸውን በትምህርት ውጤት የሚለኩት፣ «አልተቀበልንህም» ሲባሉ ይበልጥ ተሰበሩ። አንቺም ስልክሽ ካልጮኸ ቀንሽ ይበላሻል። ስለዚህ በሳምንት ስንት ጠሩኝ አትበይ፤ ስንት ቦታ አመለከትኩ ብለሽ ቁጠሪ። መጥራቱ በእነሱ እጅ ነው፤ አንዳንዴም ቦታው ሳይለጠፍ በፊት ሰው ተይዞለታል።

«ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሉሽ አትቅለስለሺ። «የአንድ ሱቅ ሒሳብ ይዤ ነበር» በይና የዱቤውን ሠንጠረዥ አውጪ። የደንበኞቹን ስም ግን አስቀድመሽ አጥፊው፤ አካውንታንት ምስጢር ጠባቂ ነው፣ እሱንም ያዩልሻል።