ጠይቁን፦ አስቤዛ በስልክ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ የቤት አስቤዛን በስልክ አፕ ስለማደራጀት። ረዘም ያሉትን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም ሠራተኞች ነን። እሱ ከሥራ ሲመለስ ሽንኩርት ይዞ ይገባል፣ እኔም በዚያው ቀን ሽንኩርት ይዤ እገባለሁ፣ ዘይቱን ግን ማናችንም አላስታወስነውም። ዝርዝር በቴሌግራም እልክለታለሁ፣ ከሌላው መልእክት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን አፕ አለ? ያየኋቸው ደግሞ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ጎደሬ የሚባል ነገር አያውቁም።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ አለ እህቴ። አንድሮይድ ከያዝሽ እንዲያውም ስልክሽ ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፦ ጉግል ኪፕ። ካልተጫነ ከፕሌይስቶር በነፃ ይወርዳል፣ ባለቤትሽ አይፎን ቢይዝም ለእሱም አለ።

መጀመሪያ ግን ቴሌግራሙ ለምን እንዳስቸገራችሁ ልንገርሽ። አንቺ የላክሽውን መልእክት ማስተካከል የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። እሱ ሱቅ ቆሞ ዘይቱን ቢገዛ ከዝርዝርሽ ላይ ሊሰርዘው አይችልም። ሌላ መልእክት መጻፍ አለበት፣ ያም ከሥር ከሥር በሚመጣው ወሬ ይዋጣል። ኪፕ ላይ ዝርዝሩ አንድ ነው። ሁለታችሁም ትጽፉበታላችሁ፣ ሁለታችሁም ራይት ታደርጉበታላችሁ፣ እሱ ያደረገው ራይት አንቺ ስልክ ላይ ይታያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኪፕን ክፈቺ፣ የመደመር ምልክቷን ነክተሽ ዝርዝር የሚለውን ምረጪ። እያንዳንዱ ዕቃ በየመስመሩ ይገባል፣ አጠገቡ ባዶ ሳጥን አለችው። ቀጥሎ የሦስቷን ነጥብ ሜኑ ከፍተሽ ሰው የሚጨመርበትን ንኪና የባለቤትሽን ጂሜይል አስገቢ። አለቀ። ራይት የተደረገው ዕቃ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፣ እኔ ይህን አፕ ከሁሉ የምወድለትም ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ ከመጻፍ ያለቀውን ዕቃ ራይት ማንሳት ብቻ ይበቃሻል።

ጎደሬውን በተመለከተ፣ እንደ ብሪንግ ያሉ ዕቃን በሥዕል የሚዘረዝሩ አፖች አሉ። ብሪንግ የተሠራው ስዊዘርላንድ ነው፣ ሥዕሎቹም የዚያ ዓይነቱን ሱፐርማርኬት የሚመስሉ ናቸው። የራስሽን ዕቃ መጨመር ትችያለሽ፣ ግን ጎደሬ፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ እያልሽ ሁሉንም ራስሽ ከጨመርሽ ሥዕሉ ምን ሠራልሽ? ኪፕ እንደ ባዶ ወረቀት ነው፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ብትጽፊ ይቀበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እሱም አጻጻፉ ነው። «አትክልት» ብለሽ አትጻፊ። «ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ፣ መካከለኛ»፣ «ጎመን፣ 2 እስር» ብለሽ ጻፊ። በመደብ ለሚሸጥ ነገር ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፣ የአንዷ ሻጭ መደብ አምስት ቲማቲም ሲሆን የጎረቤቷ ስምንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቲማቲም፣ ለሦስት ቀን ወጥ፣ ጠንከር ያለ» ብትዪው ባለቤትሽ መደቡን በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ገበያ መሃል ሆኖ «የምኑን ዓይነት ነበር?» እያለም አይደውልልሽም።

ቅደም ተከተሉንም በምትሄዱበት መንገድ አድርጉት። ከመስመሩ በስተግራ ያሉትን ትናንሽ ነጥቦች ተጭነሽ ስትጎትቺ መስመሩ ቦታውን ይቀይራል። ከባዱ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ፣ መጀመሪያ ይገዛና ከዘንቢሉ ሥር ይግባ፣ ቲማቲሙና አቮካዶው ከላይ ይሁን። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሰው የሚጎርፍበት ገበያ ነው፣ መሃሉ ላይ ቆሞ ስልክ መጎርጎር ለራስም ለሌላውም አይመችም፣ ለሌባም ያጋልጣል። ወደ አንድ ተራ ከመግባታችሁ በፊት ዳር ቆማችሁ ሦስት አራቱን ዕቃ አንብቡ፣ ስልኩን ኪስ ክተቱ፣ ገዝታችሁ ስትወጡ ራይት አድርጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኪፕ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል፣ ይጻፍበታል። ዳታው እስኪበራ ድረስ ግን የአንዱ ራይት ወደ ሌላው ስልክ አይሄድም። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ሽንኩርቱ ተመልሶ ሁለት ሊሆን ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ሥራ መከፋፈል ነው፦ የሱቁ ዕቃ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሱ፤ የገበያው፣ አትክልቱና ቅመሙ፣ ያንቺ፤ ወይም ተለዋወጡ። ሁለት ዝርዝር አድርጓቸውና ሁለቱንም አብራችሁ ተጋሩ። አፑ ኔትወርክ ሲኖር ይረዳችኋል፣ ክፍፍሉ ሁልጊዜ ይረዳችኋል።

ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ የጾሙን ዝርዝር ለብቻ አድርጉት። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የወተትና የእንቁላል መስመር እየዘለሉ ከማንበብ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት ይቀላል። ለረመዳንም ያው ነው፣ ቴምሩ፣ የሾርባው አጃ፣ የሳምቡሳው ምስር በራሱ ዝርዝር ይቀመጥና በዓመቱ ተመልሶ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ስልክ ገዝታልኝ ዝርዝሩን እዚያ ላይ ጻፍ ትለኛለች። ፊደሉ ያንስብኛል፣ ጣቴም ሌላውን ይነካል። ለመሆኑ ወረቀት ምን አጠፋ?
ከጅማ

መልስ፦ ወረቀት ምንም አላጠፋም፣ ጋሼ። በእስክሪብቶ ጽፈው ፎቶ አንስተው ለልጅዎ ቢልኩላት ሥራው ተሠርቷል፣ ማንም ሊያስቀይምዎት አይገባም። እኔ ለቤተሰብ አፕ ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከቤቱ ሰው ስልክ እምብዛም የማይነካው ሰው ይችለዋል ወይ? እሱ ካልቻለው ሌላው ሁሉ ቢያደንቀውም ለዚያ ቤት አይሆንም። ይህን ለልጅዎም ያንብቡላት።

ግን ከመተውዎ በፊት በድምፅ መጻፍን ይሞክሩልኝ። ጉግል ለድምፅ መጻፊያው አማርኛን የጨመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ጂቦርድ የሚባለው ኪቦርድ ላይ ማይክሮፎን የምትመስል ምልክት አለች። ልጅዎ አንድ ጊዜ ወደ ሴቲንግ ገብታ የድምፅ መጻፊያውን ቋንቋ አማርኛ ታድርግልዎት። ከዚያ ወዲያ ማይክሮፎኗን ነክተው «ምስር ክክ ሁለት ኪሎ» ማለት ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ተናግረው ወደሚቀጥለው መስመር ይለፉ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ካሉት ይደባለቃል። ጫጫታ ካለበት ቦታ ይልቅ ቤት ሆነው፣ ኢንተርኔት በርቶ ቢያደርጉት ይሻላል። አልፎ አልፎ ቃል ይስታል፣ ግን «ምስር» የሚለውን በትክክል ባይጽፈው እንኳ እርስዎ ምን እንዳሉ ያውቁታል።

ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ስክሪን የሚስተካከልበት ቦታ የፊደል መጠን የሚል አለ፣ እሱን ወደ ትልቁ ይግፉት። የስልኩ ጽሑፍ በሞላ ይተልቃል።

ጥያቄ፦ በርበሬ በዓመት አንዴ ነው የማዘጋጀው። ሁልጊዜ መጠኑ ይጠፋብኝና እናቴ ጋ እደውላለሁ። ዋጋውንም አምና ስንት እንደገዛሁ አላስታውስም። አፕ ይረዳኛል?
ከቆጪ ሰፈር

መልስ፦ እንዲያውም ከሳምንቱ አስቤዛ ይልቅ ስልክ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ነው። ሽንኩርት ማለቁን ድስቱ ይነግርሻል፣ አምና ለስንት ኪሎ ዛላ ስንት ኮረሪማ እንደገባ ግን ማን ያስታውሳል?

«የበርበሬ» ብለሽ አንድ ማስታወሻ ክፈቺ። ዛላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ጨው፣ እናትሽ የሚጨምሩት ሌላም ካለ፣ እያንዳንዱን ከነመጠኑ አስፍሪ። ዘንድሮ ስትደውዪላቸው ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ሲናገሩ ቅጂው፣ «እፍኝ» ሲሉ የማን እፍኝ እንደሆነ፣ ኮረሪማው ከነቅርፊቱ ይሁን ተፈልፍሎ፣ ያኔ በዝርዝር ትጠይቂያቸዋለሽ። ድምፁን ከጽሑፉ ጋር አስቀምጪው። ለልጆችሽም ይተርፋል።

ከየዕቃው ጎን ቀኑን፣ የኪሎውን ዋጋና የገዛሽበትን ቦታ ጻፊ። ከወፍጮ ቤት ከተመለሰና ወጥ ከተሠራበት በኋላ ተመልሰሽ ሁለት ቃል ጨምሪ፦ «ኮረሪማው በዛ»፣ ወይም «ቀለሙ አማረ»። ዋጋ ስትጽፊ ምንጊዜም በኪሎ ይሁን፣ ጠቅላላውን ብቻ ከጻፍሽ በዓመቱ ማወዳደር አትችዪም።

የፊደሉ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። በስልኩ ስትፈልጊ «አዝሙድ» ብለሽ የጻፍሽውን «ዐዝሙድ» ብትዪው ላያገኘው ይችላል፣ «ሥጋ»ና «ስጋ»ም እንደዚያው። አንዱን መርጠሽ ሁልጊዜ በእሱ ጻፊ፣ ዝርዝሩን ለሚጋራሽም ንገሪው።

ጥያቄ፦ አራት ሆነን ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አስቤዛ በየተራ እንገዛለን፣ ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ያጣላናል። ምን እንጠቀም?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ የግዢ ዝርዝር ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነው። ጉግል ሺትስ የሚባለው የሠንጠረዥ አፕ በነፃ ይሠራላችኋል። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር፣ የከፈለው ሰው። ከሥር የእያንዳንዱን ሰው ድምር የሚያወጣ ቀመር አስገቡ፤ ጠቅላላውን ለአራት ማካፈል ነው፣ ከድርሻው በላይ የከፈለ ይመለስለታል። ፋይሉን ያለ ኢንተርኔትም እንዲከፈት አስቀድማችሁ አስተካክሉት።

የገዛ ሰው በዚያው ቀን ይመዝግብ፣ ያልተመዘገበ አይታሰብም ብላችሁ ከወሩ መጀመሪያ ተስማሙ። ሻጭዋ በቴሌብር ከተቀበለች ጥሩ፣ ግብይቱ ከነቀኑና ከነመጠኑ አፑ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ብዙ ሰው ለምዶታል። ጉሊት ላይ ግን አሁንም ጥሬ ብር ይበዛል፣ ያንን የሚያስታውስ አፕ የለም፣ የገዛው ሰው መጻፍ አለበት። እርስ በርስ ስትከፋፈሉ ደግሞ በስክሪንሹት አትተማመኑ፣ ገንዘቡ መድረሱን በራስህ ቴሌብር ላይ ገብተህ እይ።

ጥያቄ፦ አንድ የአስቤዛ አፕ ጭኜ የስልክ ቁጥሮቼን፣ ያለሁበትን ቦታና ማይክሮፎኔን ፍቀድልኝ አለኝ። ልፍቀድ?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ አትፍቀድ። የሽንኩርትና የዘይት ዝርዝር ለመያዝ የዘመድ አዝማድህ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ለማጋራት የዚያን ሰው ኢሜይል በእጅህ መጻፍ ይበቃል። ሁሉንም ከልክለው። ከከለከልከው በኋላ አልሠራም ካለ አጥፋውና ሌላ ጫን። ቀድመህ ፈቅደህ ከሆነም አልረፈደም፣ ሴቲንግ ውስጥ አፖች ከሚለው ገብተህ ስሙን ነክተህ ፈቃዱን ታነሳበታለህ። ማይክሮፎኑን በድምፅ መጻፍ ስትፈልግ፣ ካሜራውንም ፎቶ ስታያይዝ ብቻ ፍቀድለት።