ናሙና አፕሊኬሽኖቹ አልነሳ ሲሉሽ፣ ኮዱን ከመንካትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አንድ ክፍት ምንጭ የጃቫ ዌብ ፍሬምወርክ ከጊትሃብ ክሎን አድርገሻል፤ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽንሽ ገልብጠሻል። ውስጡ ካሉት ናሙና አፕሊኬሽኖች የተነሳልሽ አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት አንዱ «ፓረንት ፖም አላገኘሁም» ይላል፤ ፖም ማለት ኮዱ እንዴት እንደሚሠራና የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚፈልግ የተጻፈበት ፋይል ነው። ሌላው ስለ ክላስ ቨርዥን ያማርራል። ሦስተኛው ቶምካት የሚባለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ያለ ምንም ኤረር ይጫንና ገጹን ስትከፍቺው 404፣ ማለትም «ገጹ የለም»፣ ይሰጥሻል። የምትሠሪው በሞባይል ዳታ ስለሆነ ደጋግመሽ ማውረድም አትችይም። «ጃቫን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚ» ያለሽም ሰው አለ። «ፕሮጀክቱ ሞቷል ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ከነገርሽን ተነስቼ ፕሮጀክቱ ሞቷል ለማለት የሚያበቃ ነገር አላየሁም። ጃቫንም አታጥፊ። ናሙና ኮድ የሚጻፈው ለተወሰነ የጃቫ ቨርዥን፣ ለተወሰነ ሰርቨርና ለተወሰኑ ላይብረሪዎች ነው። ዋናው ኮድ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ ናሙናው ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማጣራው ኮዱ መጨረሻ ላይ የሠራው ምን ምን ላይ እንደሆነ ነው። እሱን ካገኘሽ አብዛኛው ኤረር አንድም መስመር ኮድ ሳትነኪ ይጠፋል። ኤረር ባየሽ ቁጥር ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ቁራጭ ፖም ፋይሉ ላይ መለጠፍ ከጀመርሽ ግን፣ የቱ ችግር የናሙናው፣ የቱ ያንቺ እንደሆነ መለየት ያቅትሻል።

ታዲያ የሠራበትን የት ታገኚዋለሽ? ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ብቻ አትተማመኚ፤ ሪድሚ ያረጃል። የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ጊትሃብ» የሚባል ፎልደር ካለ ክፈቺውና «ወርክፍሎውስ» ውስጥ ግቢ። እዚያ ያሉት ፋይሎች ፕሮጀክቱ ኮድ በተቀየረ ቁጥር በራሱ የሚፈተንባቸው ናቸው። የትኛው ጃቫ እንደሚጫንና ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ) በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚነሳ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሥራ ቦታ ለአዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ከፍተውት አያውቁም። ናሙናዎቹ እዚያ ውስጥ የሚፈተኑ ከሆነና አረንጓዴ ከሆኑ (ፈተናውን ካለፉ)፣ ልዩነቱ ያለው ያንቺ ማሽን ላይ ነው። ቀይ ከሆኑ ደግሞ ችግሩን እነሱም ያውቁታል፤ ጊዜሽን አታባክኚ።

አሁን ወደ ማሽንሽ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ተርሚናል ላይ ጃቫ ዳሽ ቨርዥን ብለሽ 21 ብታዪ፣ ኮዱን ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ሜቨንም፣ በ21 ይሠራል ማለት አይደለም። ሜቨን የሚያየው ጃቫ ሆም የሚባለውን ቫሪያብል ነው። ኮድ የሚጻፍባቸው ኢንተሊጄይና ኤክሊፕስ ደግሞ የየራሳቸው ምርጫ አላቸው። አንድ ላፕቶፕ ላይ አንዱን ፕሮጀክት ሦስት የተለያዩ ጃቫዎች ሊነካኩት ይችላሉ። ስለዚህ ኤምቪኤን ዳሽ ቪ በዪ። ሜቨን የትኛውን ጃቫ ከየትኛው ፎልደር እንደሚጠቀም ይነግርሻል። ፕሮጀክቱ ውስጥ ራፐር ካለ፣ ማለትም ኤምቪኤንደብሊው ወይም ግራድልደብሊው የሚባለው ስክሪፕት፣ ራስሽ የጫንሽውን ትተሽ በእሱ አስነሺው። ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን የሜቨን ወይም የግራድል ቨርዥን ራሱ ያመጣል፤ ግራድል እንደ ሜቨን ያለ ሌላ የቢልድ መሣሪያ ነው።

የክላስ ቨርዥኑ ኤረር ከቁጥሩ ይነበባል፤ ክላስ ፋይል ማለት የጃቫ ኮድ ቢልድ ሲደረግ የሚወጣው ፋይል ነው። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሺ፤ የሚቀረው የጃቫው ቨርዥን ነው። 52 ማለት ጃቫ 8፣ 55 ማለት 11፣ 61 ማለት 17፣ 65 ማለት 21 ነው። «ክላሱ የተሠራው በ61 ነው፣ እኔ የማውቀው እስከ 52 ነው» ካለሽ፣ በጃቫ 17 የተሠራ ላይብረሪ በጃቫ 8 ልታስነሺ እየሞከርሽ ነው። ለምሳሌ ስፕሪንግ ቡት 3 በ2022 ሲወጣ ጃቫ 17ን ግድ አድርጓል። ስፕሪንግ ላይ ለተመሠረቱ ናሙናዎች ይህ ኤረር የበዛው ለዚህ ነው።

ግን ተጠንቀቂ፤ ግራድል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ግራድል «ሜጀር ቨርዥን 65 አልደግፍም» ብሎ ገና ሲነሳ ከሞተ፣ ያረጀው ራሱ ግራድሉ ነው። ያንቺ ጃቫ ለእሱ በጣም አዲስ ሆኖበታል። ግራድልን በጃቫ 17 ለማስነሳት ቢያንስ 7.3፣ በ21 ለማስነሳት ቢያንስ 8.5 ያስፈልጋል። ለናሙና ስትዪ ግራድሉን ከማሳደግ የቆየ ጃቫ መጠቀም ይቀላል።

የቆዩ ናሙናዎች ላይ የሚመጡ ሌሎችም አሉ። ጃቫክስ ኤክስኤምኤል ባይንድ የሚባል ፓኬጅ ጠፋ ካለሽ፣ ያ ነገር በ2018 ከጃቫ 11 ተነስቷል። «ሶርስ ኦፕሽን 5 ከእንግዲህ አይሠራም» ካለሽ፣ ፖም ፋይሉ ከጃቫ 9 በፊት ለነበረ ዓለም የተጻፈ ነው። «ኢንአክሰሲብል ኦብጀክት» የሚል ኤረር ካየሽ፣ አንድ የቆየ ላይብረሪ የጃቫን የውስጥ ክፍል ሊነካ ሲል 17 ከልክሎታል። ሦስቱም በጃቫ 8 ላይ አይመጡም። ለዚህ ነው ጃቫ አታጥፊ ያልኩሽ። 8፣ 11፣ 17 እና 21 አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆንሽ ኤስዲኬማን የሚባለው መሣሪያ በአንድ ትዕዛዝ ያቀያይርልሻል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ተርሚናሉ ውስጥ ጃቫ ሆምን ለዚያ መስኮት ብቻ መቀየር ይበቃል።

ወደ ፓረንት ፖሙ ልምጣ። ይህኛው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፤ ናሙና ለመሞከር የመጣውን ሰው ሁሉ የሚያስመርረው እሱ ስለሆነ። ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ የናሙናውን ፎልደር ብቻ ቆርጠሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠሽው ሊሆን ይችላል። የናሙናው ፖም ፋይል ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው። የላይብረሪዎቹ ቨርዥን፣ የኮምፓይለሩ ሴቲንግ፣ ሁሉም ያለው አንድ ፎልደር ከፍ ብሎ ባለው ፖም ውስጥ ነው። ከቦታው ስታነሺው አባቱን ያጣል። መልሰሽ አስገቢውና ከዋናው ፎልደር ሆነሽ አስነሺው።

ሁለተኛው የበለጠ ስውር ነው። ፖሙን ክፈቺና የቨርዥኑን ቁጥር ተመልከቺ። መጨረሻው ላይ «ስናፕሾት» የሚል አለ? ካለ፣ ያለሽው ዋናው ብራንች ላይ ነው፤ አዘጋጆቹ ኮዱን በየጊዜው የሚቀይሩበት ላይ ማለት ነው። ናሙናው የሚጠይቀው ገና ያልተለቀቀ ቨርዥን ነው። ያልተለቀቀ ነገር ደግሞ ሜቨን ሴንትራል ላይ፣ ማለትም ሜቨን ላይብረሪዎችን የሚያወርድበት የጋራ ማከማቻ ላይ፣ የለም። አዘጋጆቹ ጋ የሚሠራው ሁሉንም አንድ ላይ ቢልድ ስለሚያደርጉት ነው። አንቺ ናሙናውን ብቻ ስታስነሺ ሜቨን የሌለ ነገር ፍለጋ ይወጣና ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለት መውጫ አለሽ። ለጀማሪ የምመክረው የተለቀቀውን ታግ (ለአንድ ቨርዥን የተሰጠ ምልክት) ቼክአውት ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወደዚያ ቨርዥን መመለስ ነው። ጊት ታግ ብለሽ ዝርዝሩን አውጪ፤ የመጨረሻውን የተለቀቀ ቁጥር ምረጪ፤ እሱ ላይ ቼክአውት አድርጊ። ፖሙ ውስጥ ያለው «ስናፕሾት» የሚለው ቃል ይጠፋል፤ ላይብረሪዎቹም ሴንትራል ላይ ይገኛሉ። ከመጨረሻው ኮድ ጋር መሥራት የግድ ከሆነብሽ ብቻ፣ ከዋናው ፎልደር ሆነሽ ሜቨን ኢንስቶል አድርጊ። ዳሽ ፒኤል ብለሽ የናሙናውን ስም፣ ቀጥለሽ ዳሽ ኤኤም ከጨመርሽ፣ ሜቨን ናሙናውንና እሱ የሚፈልጋቸውን ሞጁሎች ብቻ ይሠራል። ቴስቶቹን ስኪፕ ብታስደርጊ ጊዜም ዳታም ይቆጥብልሻል።

404 ያለሽ ናሙና ላይ ደግሞ መጀመሪያ አድራሻው ውስጥ የዋር ፋይሉ (አፑ የታሸገበት ፋይል) ስም መግባቱን አረጋግጪ፤ ቶምካት አፑን በዚያ ስም ነው የሚከፍተው። እሱ ልክ ከሆነ፣ ቶምካትሽ 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ጃቫ ኢኢ ከኦራክል ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ተዛውሮ ጃካርታ ኢኢ ተባለ። በ2020 ጃካርታ ኢኢ 9 ሲወጣ የፓኬጆቹ ስም ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ተቀየረ። ቶምካት 9 የድሮውን ስም ነው የሚያውቀው፤ ቶምካት 10 አዲሱን ብቻ።

ኤረር ለምን እንዳላየሽ ልንገርሽ። የናሙናውን ሰርቭሌት ፋይል ክፈቺ፤ ሰርቭሌት ገጹ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ክላስ ነው። ከክላሱ በላይ «ዌብ ሰርቭሌት» የሚል አኖቴሽን (በ@ የሚጀምር ምልክት) ታያለሽ። ከላይ ኢምፖርቱን ስታዪው በጃቫክስ ይጀምራል። ቶምካት 10 ዋር ፋይሉን ሲፈትሽ የሚፈልገው የጃካርታውን አኖቴሽን ነው። የጃቫክሱን ሲያይ እንደማያውቀው ሰው ያልፈዋል። ሰርቭሌቱ አልተመዘገበም፤ የሚያማርር ነገርም የለም። ስለዚህ ሎጉ ላይ አፑ በሰላም ተጭኗል ይላል፤ ገጹ ግን የለም። ሰርቭሌቱ የተመዘገበው ዌብ ኤክስኤምኤል በሚባለው የሴቲንግ ፋይል ቢሆን ኖሮ ክላስ አላገኘሁም የሚል ኤረር ታዪ ነበር።

ቀላሉ መፍትሔ ቶምካት 9 አውርደሽ ናሙናውን እዚያ ማስነሳት ነው። ቶምካት 10ን መተው ካልፈለግሽ፣ ቶምካት ፎልደር ውስጥ «ዌብአፕስ ዳሽ ጃቫኢኢ» የሚባል ፎልደር ፍጠሪና ዋር ፋይሉን እሱ ውስጥ ጣዪው። ቶምካት ስሞቹን ራሱ ቀይሮ ወደ ተለመደው ዌብአፕስ ያስገባዋል። ኢምፖርቶቹን በእጅ መቀየር ግን አልመክርሽም። ጃቫክስ የሚባለው ሁሉ ጃካርታ አልሆነም። ለምሳሌ የዳታቤዙ ጃቫክስ ኤስኪውኤል የራሱ የጃቫ አካል ስለሆነ እንዳለ ነው። በጅምላ ከቀየርሽ አዲስ ችግር ታመጫለሽ።

ስለ ኢንተርኔቱም ልጨምር፤ እኛ ጋ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ዳውንሎድ መሃል ላይ ሲቋረጥ ጉድለት ያለበት ጃር ፋይል (ላይብረሪ የታሸገበት ፋይል) ማሽንሽ ላይ ሊቀር ይችላል። በኋላ «ዚፕ ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም» የሚል ኤረር ይመጣል፤ ሰውም ችግሩን ኮዱ ውስጥ ይፈልጋል። ኤረሩ ላይ የጃሩ ስም ተጽፏል። በነጥብ የሚጀምረው፣ ሜቨን ያወረደውን የሚያስቀምጥበት «ኤም2» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብተሽ የዚያን ላይብረሪ ፎልደር ብቻ አጥፊ። «ኤም2ን በሙሉ አጥፊው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ያን ሁሉ ዳታ እንደገና መክፈል ነው። ሜቨን ደግሞ አንዴ ያጣውን ነገር «የለም» ብሎ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ኔትወርኩ ሲመለስም ላይሞክር ይችላል። ትዕዛዙ ላይ ዳሽ ትልቁን ዩ ጨምሪ፤ እንደገና ይፈልጋል። ናሙናው አንዴ ከሠራልሽ በኋላ ዳሽ ኦ እያልሽ ያለ ኢንተርኔት መቀጠል ትችያለሽ።

ቢሮ ኔትወርክ ላይ ሆነሽ «ፒኬአይኤክስ» የሚል ኤረር ካየሽ፣ ብዙ ጊዜ የቢሮው ፕሮክሲ የራሱን ሰርተፊኬት እያስገባ ነው። ብራውዘርሽ ይቀበለዋል፤ ጃቫ ግን የሚያምነው የራሱን የሰርተፊኬት መዝገብ ነው። አይቲ ክፍሉን ሰርተፊኬቱን ጠይቀሽ ኪቱል በሚባለው የጃቫ መሣሪያ ማስገባት ነው ትክክለኛው መንገድ። በጣም የቆዩ ናሙናዎች ደግሞ ላይብረሪ የሚያወርዱት በኤችቲቲፒ ነው። ሜቨን ሴንትራል ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሜቨን 3.8.1ም ኤችቲቲፒ ሪፖዚተሪዎችን ይዘጋል። እዚህ ላይ ብቻ ፖሙን መንካት ግድ ነው፤ አድራሻውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሪው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እምቢ ካለ፣ ስታክ ትሬሱን፣ ማለትም ከኤረሩ ጋር የሚወጣውን ረጅም ዝርዝር፣ ከታች ወደ ላይ አንብቢ። የመጨረሻው «ኮዝድ ባይ» ላይ ነው ቁም ነገሩ። ከላይ ያለው ረጅም ነገር ፍሬምወርኩ መልእክቱን ሲቀባበል የተጻፈ ነው። እዚያ ታች «ፖርት 8080 ተይዟል» የሚል ብታገኚ አይግረምሽ። ያኛው የሠራልሽ ናሙና ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ መልሰሽ ስትጽፊልን አራት ነገር አምጪ፦ የፕሮጀክቱን ስም፣ ያለሽበትን ታግ ወይም ብራንች፣ ኤምቪኤን ዳሽ ቪ የሚያወጣውን፣ እና ያንን የመጨረሻ ኮዝድ ባይ ከነመስመሮቹ። በስክሪንሹት ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ኮፒ አድርገን መፈለግ እንድንችል። ችግሩ የናሙናው ሆኖ ከተገኘም ይኸው ጽሑፍ ለፕሮጀክቱ ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ለመክፈት ይበቃሻል። መጀመሪያ ግን የተዘጉትን ኢሹዎች ፈልጊ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጧል።