መልስ፦ የቀድሞ ሯጫችን የክብር ሰሌዳ ላይ የድሮ ሰዓቱ እንዴት ይጻፍ?

ለቀድሞ ተማሪያችሁ የ100 ሜትር 10.8 ሰከንድ ላነሣችሁት ጥያቄ፦ እባካችሁ 10.80 ብላችሁ አትጻፉት፤ በኤሌክትሮኒክስ ሰዓት የተለካ ያስመስለዋል። ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ያለው የድሮ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የተያዘ ነው። ሰዓት ያዡ የማስጀመሪያውን ሽጉጥ ጭስ አይቶ ሰዓቱን እስኪጫን ስለሚዘገይ ውጤቱ ከእውነተኛው ያጥራል። ከኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ጋር ለማወዳደር በ100ና በ200 ሜትር 0.24፣ በ400 ሜትር 0.14 ሰከንድ ይደመራል፤ የእናንተው 11.04 ገደማ ይሆናል። ይህ ግን ለማወዳደሪያ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ላይ 10.8 ይቀመጥና አጠገቡ «በእጅ የተያዘ» ይባል፤ ለሯጩም ክብሩ ይኸው ነው። ከኋላ የሚገፋው ንፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም። ያርድንም ሜትር አታድርጉት፤ አሜሪካዊው ሯጭ ጄሲ ኦውንስ እ.ኤ.አ. በ1933 በክሊቭላንድ የኢስት ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ በ9.4 የሮጠው 100 ያርድ፣ ማለትም 91.44 ሜትር ነው።