ስለ እህቴ ልጅና ስለ 25 ነጥብ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ወጣት ቤቴ ቡና ሊጠጣ ገባ። አለቃ የሆነው በቅርቡ ነው፤ በሥሩ አምስት ሰው አለ። ወሬያችን እንደተለመደው ወደ አዮዋ ፉትቦል ሄደ። የ2023ን ጉድ አነሳን፤ አባት ዋና አሰልጣኝ፣ ልጅ የማጥቃት አሰልጣኝ ሆነው ቡድኑ ነጥብ ማግባት ያቃተውን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ ለምጄዋለሁ፤ ይቅርታ።) ወጣቱ ስኒውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ግን አባትየው አያይም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ማን ያውቃል» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። መልሱን አውቀው ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እናንተም አንብቡት።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ይሄ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኳስ የያዘ ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ካልሆነለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ላይ ኳሷን በእግሩ አርቆ ለተጋጣሚው ይለጋታል። ፐንት ይባላል። «እኛ አልቻልንም፣ እስቲ እናንተ ሞክሩ» እንደማለት ነው። የሚያጠቃው ክፍል የራሱ አሰልጣኝ አለው፣ የሚከላከለውም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ዋናው አሰልጣኝ አለ።

የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ከርክ ፈረንትዝ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የማጥቃት ክፍሉን የያዘው ብራያን ፈረንትዝ ነበር። ልጁ ነው። ዘመድ የዘመዱ አለቃ እንዳይሆን ስለሚከለከል፣ ብራያን በወረቀት ተጠሪነቱ ለስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር እንጂ ለአባቱ አልነበረም። ይህችን የወረቀት ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ2022 የመክፈቻ ጨዋታ ኪኒክ ስታዲየም ነበርኩ። ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፍን። ፉትቦል የሚያውቅ ሰው ሰባት ሲሰማ አንድ ተችዳውን አገቡ ይላል፤ ኳሷን ይዞ የተጋጣሚው ግብ ክልል መግባት ነው፣ ከተጨማሪዋ ምት ጋር ሰባት ነጥብ። አላገባንም! ሦስቱ ነጥብ ከአንድ ፊልድ ጎል መጣ፤ ኳሷን በእግር ለግቶ በሁለቱ ምሰሶ መሀል ማሳለፍ ነው። አራቱን ያመጡት ተከላካዮቹ ናቸው፤ ተጋጣሚውን በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ሁለት ጊዜ አስቀርተው፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ነጥብ። የዚያን ዓመት አዮዋ በተጓዘው ያርድ ከ131 ቡድኖች 130ኛ ሆነ። በዓመቱ ደግሞ ከ133 ቡድኖች 133ኛ።

እኔ ይህን ቡድን የምወደው ገና ከተማሪነቴ ነው። በ1985 የውሃ ምህንድስና ልማር አዮዋ ሲቲ መጣሁ። ወንዙ ዳር ባለው የሃይድሮሊክስ ላቦራቶሪ እየዋልኩ ከቧንቧና ከፓምፕ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ቅዳሜ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ትኬት ሰጠኝ። አንደኛ የነበረው አዮዋ ሁለተኛ ከነበረው ሚሺጋን ጋር ነበር። ሕጉን አላውቅም። ሰው ሲነሳ እነሳለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ በመጨረሻዋ ምት 12 ለ 10 አሸነፍንና ሰዉ ሜዳውን ወረረው። እኔም ወረርኩ። ለምን እንደሆነ ባላውቅም አለቀስኩ፤ አገሬ ትዝ ብሎኝ ይሆናል። ስታስቡት ያን ቀንም ተችዳውን አላገባንም፤ አራት ፊልድ ጎል ነበር። ስለዚህ በ2022 ለማማረር ምን መብት አለኝ? ግን አማረርኩ።

ወደ ነገሬ። በ2023 ፌብሩዋሪ የብራያንን ውል አሻሻሉት። ደመወዙ በ50,000 ዶላር ተቀንሶ 850,000 ሆነ። ውሉ እንዲቀጥል ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ማግባትና ቢያንስ ሰባት ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት። የሚገርመው፣ ተከላካዮቹ የሚያገቡትም ከ25ቱ ይቆጠራል። ደጋፊው ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። 25 በ13 ጨዋታ ሲባዛ 325። በየቅዳሜው ስንት ቀረ፣ ስንት ቀረ እንላለን። የልጆች ሆስፒታሉ ስታዲየሙ አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ማብቂያ ሰባ ሺህ ሰው ዞሮ በመስኮት ለሚያዩት ሕፃናት እጁን ያውለበልባል። እንባ ያመጣል። ከዚያ ዞረን እንቀመጥና አሰልጣኙን እንሳደባለን።

ዓመቱ ሲያልቅ አማካዩ 15.4 ነበር። ቡድኑ ግን አሥር ጨዋታ አሸንፏል! በመከላከል አሰልጣኙ በፊል ፓርከር ተከላካዮችና በአንድ አውስትራሊያዊ ለጊ። ቶሪ ቴይለር የሚባለው ይህ ልጅ በአንድ ዓመት 4,479 ያርድ ለግቶ ከ1938 ጀምሮ የቆየ ሪከርድ ሰበረ። እስቲ አስቡት፣ «አልቻልንም» የሚለው ሰው የቡድኑ ኮከብ ሲሆን። እሱ ሲገባ ስታዲየሙ ያጨበጭባል። ከልባችን ነበር።

ኦክቶበር 21 ሚኒሶታ መጣ። መጨረሻው ላይ የእኛ ልጅ ኩፐር ዴጂን የተለጋችውን ኳስ ይዞ እስከ ዳር ሮጠና አገባ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው ኳሷን ከመያዙ በፊት እጁን አውለብልቧል ብለው ሰረዙት፤ እጅ ማውለብለብ «ይዤ አልሮጥም» ማለት ነው። 12 ለ 10 ተሸነፍን፤ ያቺው የ1985 ቁጥር ዞራ መጣች። ሰው ሁሉ ዳኛውን ሰደበ። እኔ ግን ተነስቼ በአማርኛ «ልጅህን አንሳ! ሰውዬ፣ ልጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ገበሬ ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀና ፖፕኮርኑን ሰጠኝ።

ያኔ ነው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ የጮኸው።

ታላቅ እህቴ እኔን ለማስተማር ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ በታይፒስትነት ተቀጠረች። አምስት ኪሎ ስማር የኪስ ገንዘቤ ከእሷ ነበር። ልጇ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ በዲቪ ሲመጣ በምሠራበት ድርጅት አስቀጠርኩት። ልጁ በአውቶካድ እጁ ይበራል። ንድፍ ሲያወጣ አንዲት መስመር አትዛነፍም። በዚያው ቢቆይ ኖሮ ዛሬም የሚመሰገን ባለሙያ ነበር። ብራያን ፈረንትዝም እኮ የአጥቂ መስመሩን ሲያሠለጥን የተመሰገነ ሰው ነበር።

በ2008 ጁን ጎርፍ መጣ። ሲዳር ራፒድስ መሀል ከተማው ውሃ ዋጠው፤ ወንዙ ከ31 ጫማ በላይ ከፍ አለ። እዚህ አዮዋ ሲቲም የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች ተጥለቀለቁ። ለእኛ ለውሃ ሰዎች ሥራው ጎረፈ። የፓምፕ ጣቢያ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ግድብ። ሰው አነሰ። እህቴ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ልጄ አሁንም ሥዕል ነው እንዴ የሚሥለው? እንደ ጓደኞቹ አድርግልኝ እንጂ።» እምቢ ማለት የምችልበት አፍ አልነበረኝም። የአንድ ፓምፕ ጣቢያ የዲዛይን ኃላፊ አደረግኩት። ደንቡ ስለማይፈቅድ በወረቀት ተጠሪነቱን ወደ ሌላ ኃላፊ አዞርኩት። ሰውየው ግን ልጁን የሚመለከት ነገር በመጣ ቁጥር እኔን ነበር የሚያየው።

ፓምፕ ስትመርጡ ውሃው የሚወጣበትን ከፍታ ብቻ አትወስዱም። ቧንቧው ውስጥ ሲፋተግ የሚያጣው ጉልበት አለ፤ እሱንም ትደምራላችሁ። የእህቴ ልጅ ወይ ይረሳዋል ወይ አሳንሶ ያሰላዋል። ሲጠይቁት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ሌላ ይሳሳታል። ሥሩ የነበረች አንዲት መሐንዲስ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ በዕድሜም ትበልጠዋለች። ማታ ማታ ቆይታ ስሌቱን በቀይ እርሳስ አርማ ጠረጴዛዬ ላይ ታኖረው ነበር። እኔ ጠዋት ገብቼ ያረመችውን አይቼ፣ ንጹሑን አስወጥቼ ወደ ፊት አሳልፈዋለሁ። ቀዩን ለልጁ አላሳየውም። እንዳይከፋው።

አየሁ። በየሳምንቱ አየሁ። ሳላይ የቀረሁበት ቀን የለም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ስብሰባ ጨመርኩ። ቅጽ አዘጋጀሁ። «በወር ከዚህ በላይ ስህተት እንዳይኖር» የሚል ቁጥር አወጣሁ። የእኔ 25 ነጥብ መሆኑ ነው። ስህተቶቹን ግን እሷ ቀድማ ስለምታርማቸው ቁጥሩ ሁልጊዜ ያምር ነበር። በዓመቱ ግምገማ ላይ «እየተሻሻለ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለሁለት ዓመት ያቺኑ ቃል። ሰው ፊት ለፊት መናገር ሲያቅተው ነው ቁጥር የሚያወጣው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሴትየዋ ገባች። ንድፉን ዘርግታ «ይህን በማኅተሙ የሚያጸድቀው ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ጥሩ» ብላ ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት መልቀቂያዋን አስገባች። ኬክ ቆረስንላት። ስትሰናበተኝ ጨበጠችኝ እንጂ ምንም አላለችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ማታ ማታ የምቆየው እኔ ሆንኩ። ከዚያ የደንበኛው ስብሰባ መጣ። የከተማው መሐንዲስ የእህቴን ልጅ በትህትና «ይህን ፓምፕ እንዴት መረጣችሁት?» አለው። ዝም። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ዞሮ አየኝ። በልጅነቱ እኔ ለዕረፍት ስሄድ በር ላይ ቆሞ የሚያየኝን አስተያየት አየኝ። እኔ መለስኩለት። በመኪና ስንመለስ ጥቅምት ነበር፤ የበቆሎው ማሳ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ድሮም እንደማልችል ያውቁ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

እስከ ቤቱ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ልጁ ሥራው እንደከበደው እንኳ አያውቅም ነበር። ሁሉ ሲታረምለት ሁሉ ደህና መስሎታል። በወሩ ራሱ ለቀቀ። እህቴ ስትደውል «ሥራው አልተስማማውም» አልኳት። እስከ ዛሬ የምታውቀው ያንን ነው።

እንግዲህ ለጠየቅከኝ፦ አባትየው ያያል። ከሁሉም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። የሚጠብቀው ሌላ ሰው እስኪናገርለት ነው። አዮዋ ላይ የተናገረችው ቤዝ ጌትዝ ናት፤ ያኔ ጊዜያዊ የስፖርት ዳይሬክተር ነበረች። ኦክቶበር 30 ልጁ ዓመቱ ሲያልቅ እንደማይቀጥል አስታወቀች። አባትየው በነገሩ ደስተኛ እንዳልነበረ ፊቱ ይናገር ነበር። ስቆ ቢሆን ኖሮ እታዘበው ነበር። ቡድኑም ያንን ዓመት በሚሺጋን 26 ለ 0፣ በቴነሲ 35 ለ 0 ተሸንፎ ጨረሰ።

ምክር ብዬ ተነስቼ ታሪክ አበዛሁ። ሰዓት አክብሩ፣ ኢሜይል መልሱ የሚለውን አልጽፍም፤ እሱን ስልካችሁ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ልበል፦ ቀዩን እርሳስ ለባለቤቱ አሳዩት። ቶሎ፣ በር ዘግታችሁ፣ ለብቻው። እናንተ የዛሬ ልጆች እንግሊዝኛችሁ ጥሩ፣ ወሬያችሁ ጥሩ፤ ክፉ ነገር ለመናገር ግን ከእኛ አትሻሉም። እኛን ይሉኝታ ያዘን፣ እናንተ ደግሞ ቴክስት ትልካላችሁ። ሌላው፣ ትንሽ ሲከፋችሁ ትለቃላችሁ። እንደ ኮሌጅ ተጫዋቾቹ ነው፤ አንድ ዓመት ካልተሰለፈ ዝውውር ጠይቆ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ቆዩ እንጂ፣ ተከራከሩ! እርግጥ ያቺ ሴት መሄዷ ልክ ነበር። ብትቆይ ኖሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ በቀይ እርሳስ ታርምልኝ ነበር። እንጃ፣ ይሄን እናንተው አስቡበት።

ዘመድ አትቅጠሩ እንዳልላችሁ ደግሞ ባለፈው ዓመት ለአጎቴ የልጅ ልጅ ሥራ ለምኜለታለሁ። ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አለቃውን አላውቀውም። ተመስገን።

የእህቴ ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ደስተኛ ነው፣ ወፍሯል። በ2024 ኦገስት የመክፈቻውን ጨዋታ አብረን ገባን። የማጥቃት ክፍሉ አዲስ አሰልጣኝ ቲም ሌስተር የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ የአንድ ጨዋታ ቅጣት ላይ ስለነበረ ሜዳ አልመጣም። ኢሊኖይ ስቴትን 40 ለ 0 አሸነፍን። አርባ! ሰዉ ነጥብ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳ ነበር።

«ያው ሰው መቀየር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም። ትንሽ ቆይቶ «ጋሼ፣ ፖፕኮርን ላምጣልዎት?» አለኝ። ሄዶ ቶሎ አልተመለሰም። ሰልፉ ረጅም ነበር መሰለኝ።