ጥያቄና መልስ፦ ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ቴፕ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወረታ የምሠራ የሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። መኪናዬ በናፍጣ የሚሠራ ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ከክረምቱ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር አምፕሊፋየር አስገጥሜ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ሳዳምጥ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ሞተሩ እንደተነሣ ግን እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ፉጨት ከስፒከሮቹ ይወጣል፣ ነዳጅ ስሰጥም እየቀጠነ ይሄዳል። የድምፅ ረብሻ የሚያጣራ ፊልተር ግዛ ተብዬ ገዛሁ፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አሁን ደግሞ ዲናሞውን ቀይር እየተባልኩ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዲናሞውን ለጊዜው አይንኩት። ከገለጹልን ምልክት ተነሥተን ስንገምት፣ ጥፋቱ ከዲናሞው ይልቅ በአምፕሊፋየሩ አገጣጠም ላይ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹን ፍተሻዎች ደግሞ ምንም ወጪ ሳያወጡ ራስዎ ሊያደርጓቸው ይችላሉ።

ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ይህንን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ለጥ ስለማያደርጉት በላዩ ላይ ትንንሽ ሞገድ ይቀራል። ባለ 12 ፖል (የማግኔት ጫፍ) ዲናሞ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር 36 እንዲህ ያሉ ሞገዶች ይፈጠራሉ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው በፑሌጃዎቹ የመጠን ልዩነት ምክንያት 2,000 ዙር ይደርሳል ብንል፣ ሞገዱ በሴኮንድ 1,200 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሞተሩ ወደ 2,400 ዙር ሲወጣ ደግሞ 3,600 ይሆናል። ነዳጅ ሲሰጡ ፉጨቱ የሚቀጥነው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ይህ ክልል የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ የሚነቃበት በመሆኑ ሞገዱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ይሰማል። እንግዲህ ሞገዱ በጤነኛ መኪና ሁሉ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ፣ መፈለግ ያለበት ወደ ስፒከሩ የገባበት በር ነው። መኪናዎ የናፍጣ መሆኑም ሥራውን ያቀልልዎታል፤ በቤንዚን መኪኖች ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የሚያመጡት ካንዴላና ቦቢና በእርስዎ ላይ የሉም።

በመጀመሪያ ሞተሩን አስነሥተው የቴፑን ድምፅ እስከ ዜሮ ዝቅ ያድርጉት። ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ የሚገባው ከቴፑ በፊት ነው፤ ምናልባት ስልክዎን በመኪናው ቻርጀር ላይ ሰክተው በኦክስ ገመድ እያጫወቱ ከሆነ ቻርጀሩን ብቻ ነቅለው ይሞክሩት። ዜሮ ላይም ሆኖ ፉጨቱ እንዳለ ከቀጠለ ግን የሚገባው ከቴፑ በኋላ ስለሆነ፣ ሞተሩንና ቴፑን አጥፍተው ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወስዱትን የአርሲኤ ገመዶች ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና እንደገና ያስነሡ። ቴፑ በርቶ ሳለ እነዚህን ገመዶች መንቀልና መሰካት አይገባም፤ በአንዳንድ ቴፖች ውስጥ የአርሲኤውን ኔጌቲቭ የሚጠብቅ በጣም ትንሽ ፊውዝ ስላለ፣ እርሱ ከተቃጠለ ያው ፉጨት በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። ገመዶቹ ተነቅለው ዝም ካለ ችግሩ በገመዶቹ መንገድ ወይም በቴፑ በኩል ነው። ተነቅለውም ካፏጨ የአምፕሊፋየሩን የባትሪ መስመርና በተለይም ማሳውን፣ ማለትም ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ይጠርጥሩ።

ማሳው ላይ ትንሽ ልንቆይ እንወዳለን፤ እንዲህ ያለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መቋጫው እዚያ ነውና። የገመዶቹ ፍተሻ ወደ ቴፑ በኩል ቢመራዎት እንኳ ይህንን አይዝለሉት። ገጣሚዎች ሥራ ለማፍጠን ሲሉ የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭ ወንበሩን በያዘው ብሎን ላይ ያስሩታል። ብሎኑ ግን ያረፈው በቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ነው፤ ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውኃ ይገባበታል፣ በክረምት ደግሞ የተሳፋሪው እግር ጭቃ ይጨምርበታል። ፈትተው ቢያዩት ከሽቦው ጫፍ ሥር ቡናማ የዝገት ቀለበት ወይም ያልተነካ ቀለም ማግኘትዎ አይቀርም። ቴፑ ማሳውን ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ስለሚያገኙ በሁለቱ መካከል ጥቂት የቮልት ልዩነት ሲፈጠር፣ ልዩነቱ በአርሲኤው ገመድ መሸፈኛ በኩል ይሄድና አምፕሊፋየሩ ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል።

ቴስተር ካለዎት ቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያሳርፉ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሙዚቃው ጎላ ብሎ ሳለ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበቡ ማሳው ደካማ ነው። ከወንበሩ ብሎን የተለየ፣ ጠንካራ የሻንሲ ወይም የወለል ብረት ይምረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ ድረስ ይፈግፍጉት፣ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ባለውና ከግማሽ ሜትር በማይበልጥ ሽቦ አጥብቀው ያስሩት፣ ከታሰረ በኋላ ላዩን ግሪስ ይቀቡት። ግሪሱ ከማሰር በፊት ሳይሆን በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

የፖዘቲቩ ወፍራም ሽቦና የአርሲኤው ገመድ በአንድ ጎን ታስረው ከሄዱ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ማሳለፍ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፉጨቱ ካልጠፋ ብቻ ወደ ዲናሞው ይሂዱ። ሞተሩ ተነሥቶ የፊት መብራት በርቶ ሳለ ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርገው ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ግን አንድ ዳዮድ ሳይሞት አልቀረም። ያኔም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዳዮዱ ተለይቶ ሊቀየር ስለሚችል ዲናሞውን በሙሉ ለመግዛት አይቸኩሉ። የገዙት ፊልተር ባለበት ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ፍተሻውን ሲያደርጉ ያውጡት፣ ምልክቱን ይሸፍንብዎታልና።

ጥያቄ፦ ከፎገራ ሩዝ የምጭንበት አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። መኪናው 24 ቮልት ስለሆነ ቴፑ በመቀነሻ ነው የሚሠራው። በፍላሽ ሳጫውት ምንም የለውም፤ ኤፍኤም ስከፍት ግን እየተንሿሿ አላስደምጥ ይለኛል። ጓደኞቼ መቀነሻውን ጥለህ ከአንዱ ባትሪ ላይ 12 ቮልት ውሰድ ይሉኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የጓደኞችዎን ምክር አይቀበሉ። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩ ናቸው፤ ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር፣ ማለትም 28 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቴፑ ከአንዱ ብቻ ሲጠጣ ያ ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ እየተሞላ ውኃው ይፈላል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ይገዛሉ።

ፍላሹ ንጹሕ ሆኖ ኤፍኤሙ ብቻ መንሿሿቱ ረብሻው በአንቴናው በኩል እንደሚገባ ያመለክታል። መቀነሻ በሴኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ፣ በደንብ ካልተሸፈነ ራሱ እንደ ትንሽ አስተላላፊ ያሰራጫል። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ያምጡና ጣቢያ ከፍተው ወደ መቀነሻው ያስጠጉት፤ በቀረበ ቁጥር መንሿሿቱ ከጨመረ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው። ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶችና የስልክ ቻርጀሮችም ይህንኑ ስለሚያደርጉ አንድ በአንድ እያጠፉ ይሞክሩ። ከዚያም መቀነሻውን ከቴፑ ጀርባ አውጥተው ከአንቴናው ገመድ ያርቁት፣ ሽቦዎቹን አሳጥረው ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን እርስ በርስ ይጠምዝዟቸው፣ የአንቴናውን መቀመጫም ፈትተው ዝገቱን ያጽዱ።

ቀድሞውኑ ከአንድ ባትሪ የወሰዱ ጓደኞች ካሉዎት፣ መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪዎቹን ለየብቻ ይለኩላቸው። አንዱ 12.6፣ ሌላው 12.1 ካነበበ መስመሩን ዛሬውኑ ነቅለው የደከመውን ባትሪ ለብቻው ቻርጅ ያስደርጉት።